«ሰነፍ ነው» ከማለት በፊት፦ ለዕጩ መምህራን ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

ለዚህ ዓምድ ጥያቄ ከላኩልን አንባቢዎች አብዛኞቹ በመምህራን ትምህርት ኮሌጅ ያሉ ወይም ከዩኒቨርሲቲ ወደ መምህርነት ለመግባት የሚዘጋጁ ናቸው። የሚቸግራቸው ነገር ተቀራራቢ ነው። የሥነ ልቦና፣ የሶሲዮሎጂና የአንትሮፖሎጂ ጽንሰ ሐሳቦችን ለፈተና ይይዛሉ፤ ክፍል ሲገቡ ግን የቱን የት እንደሚያውሉት ግራ ይገባቸዋል። የሚመሳሰሉትን ጥያቄዎች አንድ ላይ አድርገን ለፈተናውም ለክፍሉም በሚጠቅም መንገድ መልሰናል።

ጥያቄ፦ ሦስቱም ኮርሶች «የሰውን ልጅ ያጠናል» በሚል ትርጉም ነው የሚጀምሩት። ልዩነታቸውን ጻፉ ስንባል የሸመደድነውን እንጽፋለን። አንድ ተማሪ ፊታችን ቢቀመጥ ግን የትኛው ለምን እንደሚጠቅመን አናውቅም። (ከደሴ)

መልስ፦ ትርጉሙን ለጊዜው ያቆዩትና አንድ ጉዳይ ይያዙ። አራተኛ ክፍል የምትማር ልጅ አለች። ሐሙስ ሐሙስ ትቀራለች ወይም አርፍዳ ትመጣለች። በቃል ስትጠየቅ አንገቷን ደፍታ ዝም ትላለች። የጽሑፍ ሥራዋ ግን ደህና ነው።

የሥነ ልቦና ባለሙያ ትኩረቱ ልጅቷ ላይ ነው። ትምህርቱ አልገባትም ወይስ በሰው ፊት መናገር ያስፈራታል? ከዚህ በፊት ስትሳሳት ተስቆባት ይሆን? ይህንንም የሚያጣራው ሁኔታውን በጥቂቱ ለውጦ በማየት ነው። ያንኑ ጥያቄ ለብቻዋ ሲጠይቃት ከመለሰች የጎደላት ዕውቀት አይደለም። የሶሲዮሎጂ ባለሙያ ግን ከአንዷ ልጅ ወደ ስም መቆጣጠሪያው ይሄዳል። ሐሙስ የሚቀሩት ስንት ናቸው? ወንዶች ናቸው ሴቶች? ወላጆቻቸው በምን ይተዳደራሉ? ሐሙስ የገበያ ቀን ከሆነ፣ ከቀሩት መካከልም ታናናሾቻቸውን የሚጠብቁ ሴት ልጆች ከበዙ፣ ጉዳዩ በቤት ውስጥ ያለው የሥራ ክፍፍል ነው፤ ልጅቷን መምከር አይፈታውም። የአንትሮፖሎጂ ባለሙያ የሚጠይቀው ስለ ትርጉሙ ነው። በዚያ አካባቢ ልጅ በትልቅ ሰው ፊት አንገቱን ሲደፋ ሰዎች እንዴት ይረዱታል? መምህሩ «ፈሪ» ያላት ልጅ ለእናቷ በሥርዓት ያደገች ልጅ ልትሆን ትችላለች።

የአሠራር መንገዳቸውም የተለያየው ከዚህ የተነሣ ነው። ሥነ ልቦና ቪልሄልም ቩንት እ.ኤ.አ. በ1879 በላይፕሲግ ቤተ ሙከራ ካቋቋመ ጀምሮ በሙከራና በልኬት የሚሠራ ሙያ ሆኗል። ሶሲዮሎጂ በመጠይቅ፣ በቆጠራና በመዛግብት ብዙ ሰዎችን እያነጻጸረ ይሠራል። አንትሮፖሎጂ ደግሞ ማሊኖቭስኪ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዓመታት በትሮብሪያንድ ደሴቶች እንዳደረገው፣ ከሰዎቹ ጋር ረጅም ጊዜ ኖሮና ቋንቋቸውን ተምሮ ሕይወታቸውን ከውስጥ ለመረዳት ይጥራል። ፈተና ላይ «የሚያየው ማንን ነው፣ የሚጠይቀው ምንድን ነው፣ መልሱን የሚያገኘው በምን መንገድ ነው» ብለው ሦስት መስመር ከጻፉና አንድን ጉዳይ በሦስቱም ካሳዩ፣ ከሸመደዱት ትርጉም የተሻለ መልስ ይሆናል።

ሥራ ላይ ግን ቅደም ተከተሉን ይጠንቀቁበት። ልጁ ፊት ለፊት ስለሚታይ መምህር ሁሉ የሚጀምረው ከልጁ ጠባይ ነው። እኛ የምንመክረው ከስም መቆጣጠሪያው እንዲጀምሩ ነው። የአንድ ወር መቅረትን በቀንና በጾታ ለይቶ መቁጠር ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ ነው፤ የማይገባውን ልጅ ከመውቀስም ያድናል።

ጥያቄ፦ «አሉታዊ ማጠናከሪያ» ከቅጣት በምን ይለያል? የጓደኞቼ ማስታወሻ ሁሉ አንድ አድርጎ ነው የጻፈው። ተማሪን ከክፍል ማስወጣትስ ከየትኛው ይመደባል? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ማስታወሻው ተሳስቷል። ስሕተቱ በክፍል ውስጥም ጉዳት ስላለው በዝርዝር እንሂድበት።

ይህን ክፍፍል የምናገኘው ከአሜሪካዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ከቢ. ኤፍ. ስኪነር ሥራ ነው። «አዎንታዊ» እና «አሉታዊ» እዚህ ላይ ጥሩና መጥፎ ማለት አይደሉም። መደመርና መቀነስ ማለት ናቸው። ሁለት ጥያቄዎችን በተራ ይጠይቁ። አንደኛ፣ ከድርጊቱ በኋላ የተጨመረ ነገር አለ ወይስ የተነሣ? ሁለተኛ፣ ከዚያ ወዲህ ድርጊቱ በዛ ወይስ ቀነሰ? በዛ ከሆነ ማጠናከሪያ ነው፤ ቀነሰ ከሆነ ቅጣት ነው። ተማሪዋ እጇን አውጥታ ስትመልስ «ጎበዝ፣ ምክንያቱን ጭምር ነው ያስረዳሽው» ሲሏት ተሳትፎዋ ከጨመረ አዎንታዊ ማጠናከሪያ ነው። ሳምንቱን የቤት ሥራቸውን በሙሉ የሠሩ ተማሪዎች የዓርቡ የቤት ሥራ ሲቀርላቸው በሚቀጥለው ሳምንትም አሟልተው የሚሠሩት ከበዙ አሉታዊ ማጠናከሪያ ነው፤ የማይወዱት ነገር ስለተነሣላቸው ነው የበረቱት። ቁጣ ተጨምሮ ወሬው ከቀነሰ አዎንታዊ ቅጣት፣ የእረፍት ሰዓት ተወስዶ ወሬው ከቀነሰ አሉታዊ ቅጣት ይባላል።

ዋናው ነገር ያለው በሁለተኛው ጥያቄ ነው። መምህሩ ምን አስቦ እንዳደረገው ለምደባው አይጠቅምም፤ የሚለየው ውጤቱ ነው። የእርስዎ ሁለተኛ ጥያቄ የሚመለሰውም እዚህ ላይ ነው። ሒሳብ የከበደው ልጅ ሒሳብ ክፍለ ጊዜ ላይ ይረብሻል እንበል። መምህሩ ያስወጣዋል። ልጁ ሜዳው ላይ ይቀመጣል፤ ያስጨነቀው ትምህርትም ተነሣለት። በሚቀጥለው ቀን ከክፍለ ጊዜው መጀመሪያ አንሥቶ ይረብሻል። መምህሩ እየቀጣሁት ነው ይላል፤ የሆነው ግን አሉታዊ ማጠናከሪያ ነው፤ ልጁ ከሒሳብ የሚያመልጥበትን መንገድ ተማረ። ያው ማስወጣት ስፖርት በሚወድ ልጅ ላይ በስፖርት ክፍለ ጊዜ ቢደረግ ቅጣት ሊሆን ይችል ነበር።

ስለዚህ አንድን ጠባይ ለመለወጥ ከመነሣትዎ በፊት ይቁጠሩ። አንድ ገጽ ላይ ሦስት ዓምድ ያስምሩ፦ ከድርጊቱ በፊት ምን ነበር፣ ልጁ ምን አደረገ፣ ወዲያው ምን ተከተለ። ለአምስት የትምህርት ቀናት በዚያው ክፍለ ጊዜ ይመዝግቡ። ድርጊቱ ሌላ ሰው ቢያይ በሚቆጥረው መንገድ ይጻፍ፤ «ይረብሻል» ሳይሆን «ከመቀመጫው ይነሣል» ወይም «ሳይፈቀድለት ይናገራል»። በሳምንቱ መጨረሻ ሦስተኛውን ዓምድ ብቻ ወደ ታች ያንብቡ። ብዙ ጊዜ የሚደጋገም ነገር ይገኛል፦ የልጆች ሳቅ፣ የመምህሩ ትኩረት፣ ከሥራው ማምለጥ። ከዚያ በኋላ የሚለውጡት አንድ ነገር ብቻ ይሁን፤ ሁለት ነገር አብረው ከለወጡ የሠራው የቱ እንደሆነ አይታወቅም።

እዚህ ላይ ብዙዎችን ተስፋ የሚያስቆርጥ ነገር አለ። ልጁ የሚፈልገው የእርስዎን ትኩረት ሆኖ ትኩረቱን ሲነፍጉት፣ ጠባዩ ከመቀነሱ በፊት ለጥቂት ቀናት ሊብስ ይችላል። ድምፁ ይጨምራል፤ ዴስክ ይደበድባል። ይህ የሚጠበቅ ነው። መምህሩ በዚህ ሰዓት ተሸንፎ ትኩረት ከሰጠ ልጁ የሚማረው ከበፊቱ የበለጠ መጮኽ እንደሚያዋጣ ነው። አልፎ አልፎ የሚሸለም ጠባይ ሁልጊዜ ከሚሸለመው ይልቅ ለመጥፋት የሚያስቸግር መሆኑ በተደጋጋሚ ታይቷል። ስለዚህ እስከ መጨረሻው መጽናት የማይችሉ ከሆነ አይጀምሩት። ሌላውን ልጅ የሚጎዳ ድርጊት ከሆነ ደግሞ ይህ መንገድ አይሠራም፤ ወዲያው ማስቆም ግድ ነው።

ስለ አርጩሜ፣ ስለ ማንበርከክና ጆሮ ስለ መቆንጠጥ የጻፉልንም አሉ። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤቶች ከአካል ቅጣት ነጻ የመሆን መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ስለዚህ ጉዳዩ የመምህሩ ምርጫ አይደለም። በሥነ ልቦናም ቢታይ ዱላ የማይሠራበት ምክንያት ግልጽ ነው። ድርጊቱን የሚያቆመው ቀጪው ባለበት ብቻ ነው፤ በምትኩ ምን መደረግ እንዳለበትም አያስተምርም። ከዚህም በላይ ፓቭሎቭ በውሾቹ ያሳየው ዓይነት ቁርኝት ይፈጠራል፤ እዚያ ከምግብ ጋር ደጋግሞ የመጣ ድምፅ በኋላ ብቻውን ምራቃቸውን ያመጣ ነበር። ዱላው የሚመጣው ሁልጊዜ በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ከሆነ፣ ከጊዜ በኋላ የሒሳብ ደብተሩ ራሱ ልጁን ያስደነግጠዋል።

ሽልማትም ልክ አለው። ሌፐር፣ ግሪንና ኒስቤት እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተሙት ጥናት ሥዕል መሣል የሚወዱ የመዋዕለ ሕፃናት ልጆችን በሦስት ከፈሏቸው። ከሥዕሉ በኋላ የምስክር ወረቀት እንደሚያገኙ አስቀድሞ የተነገራቸው ልጆች፣ ከቀናት በኋላ በነጻ ጨዋታ ሰዓት ለሥዕል ያዋሉት ጊዜ ከሌሎቹ በግማሽ ገደማ አነሰ። ሽልማቱን ሳያስቡት ያገኙት ግን ፍላጎታቸው አልቀነሰም። ልጆቹ አስቀድመው የሚወዱትን ነገር በዋጋ አያሠሯቸው፤ ሽልማቱን ገና ላልወደዱት ሥራ ማስጀመሪያ ያድርጉት፤ እየለመዱት ሲሄዱም ያሳንሱት።

ጥያቄ፦ የሥነ ልቦና ባለሙያው ፒያዤ የልጆች አስተሳሰብ ያድግባቸዋል ያላቸውን ደረጃዎች ከነዕድሜያቸው ይዘናል። በልምምድ ትምህርት ቤት ግን 8 እና 9 ዓመት የሆናቸው ልጆች የውሃውን ጥያቄ ሲስቱ አየን። ልጆቻችን ወደ ኋላ ቀርተዋል ማለት ነው? (ከደብረ ማርቆስ)

መልስ፦ አይደለም፤ መጀመሪያ መመርመር ያለበት የተጠየቁበት መንገድ ነው።

ሙከራው ይህ ነው። በሁለት ተመሳሳይ የሻይ ብርጭቆዎች እኩል ውሃ ይቀዳል። በደንብ እንዲታይ ጥቂት ሻይ ጠብ ቢደረግበት ጥሩ ነው። ልጁ እኩል መሆናቸውን በራሱ አፍ ካረጋገጠ በኋላ አንደኛው ወደ ቀጭን ረጅም ብርጭቆ ይገለበጣል። «አሁንስ? እኩል ነው ወይስ አንዱ ይበልጣል?» ተብሎ ይጠየቃል። ፒያዤ እንደሚለው እስከ 7 ዓመት ገደማ ያለ ልጅ ከፍታውን ብቻ አይቶ ረጅሙ ይበልጣል ይላል። ከ7 እስከ 11 ባለው ደረጃ ደግሞ «አልተጨመረበትም፣ አልተቀነሰበትም» ብሎ ማሰብ ይጀምራል። ምክንያቱን ማስረዳቱ የምዘናው አካል ነው፤ «እኩል ነው» ስላለ ብቻ አልፏል አይባልም።

አሁን ከልጁ በኩል ይመልከቱት። ትልቅ ሰው ጠየቀው፣ መለሰ፣ ሰውዬው ውሃውን ገለበጠና ያንኑ ጥያቄ ደገመ። በትምህርት ቤት መምህር ጥያቄ የሚደግመው መልሱ ሲሳሳት ነው። ስለዚህ ልጁ መልሱን ይለውጣል። ማክጋሪግልና ዶናልድሰን እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በስኮትላንድ ባደረጉት ጥናት እኩል የተደረደሩ ነገሮችን የሚያዘበራርቀው መርማሪው ሳይሆን «ባለጌው» የአሻንጉሊት ድብ እንዲሆን ሲያደርጉ፣ በትክክል የመለሱት ልጆች ቁጥር በጣም ጨመረ። ፓትሪሺያ ግሪንፊልድ ደግሞ በሴኔጋል ወሎፎች መካከል ባደረገችውና እ.ኤ.አ. በ1966 በታተመው ጥናት፣ ትምህርት ቤት ያልገቡ ልጆች ውሃውን የገለበጠችው ሴት ራሷ አንድ ነገር እንዳደረገችበት አድርገው ያስቡ ነበር። ልጆቹ ራሳቸው እንዲገለብጡ ሲደረግ ትክክለኛው መልስ በዛ። ሥነ ልቦና ያለ አንትሮፖሎጂ ልጅን እንዴት ሊበድል እንደሚችል ከዚህ የተሻለ ማሳያ አናውቅም።

በክፍልዎ ሲሞክሩት ልጁ ራሱ ይገልብጥ፤ በአፍ መፍቻ ቋንቋው ይጠየቅ፤ የመጀመሪያውን «እኩል ናቸው?» የሚል ጥያቄ ትተው ከገለበጠ በኋላ ብቻ ይጠይቁት። ብቻውን ይሁን፤ ሌሎች ካሉ የመጀመሪያውን ልጅ መልስ ነው የሚደግሙት። ዕድሜዎቹን እንደ አጥር አይያዟቸው፤ ቅደም ተከተሉ ከዕድሜው ይልቅ አስተማማኝ ነው። አንድ ልጅም በቁጥር አንድ ደረጃ፣ በፈሳሽ መጠን ሌላ ደረጃ ላይ ሊገኝ ይችላል።

የሩሲያውን የሥነ ልቦና ባለሙያ ቪጎትስኪን አብረው ይያዙት። እሱ የሚጠይቀው ልጁ ብቻውን የሚችለውን ሳይሆን በጥቂት እርዳታ የሚደርስበትን ነው። የተሳሳተውን ልጅ «መልሰህ ወደ መጀመሪያው ብርጭቆ ገልብጠው» ብለው ውሃው የት እንደደረሰ ያሳዩት። ከዚያ በኋላ በሌላ ዕቃ ብቻውን ከሠራው ትምህርቱ የሚጀመርበትን ቦታ አገኙ ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ፕራክቲከም (የማስተማር ልምምድ) ላይ ለሁለት ሳምንት ክፍል ታዝበን ሪፖርት እንድናቀርብ ታዘናል። «ባህላዊ ሁኔታውን መዝግቡ» ይላል መመሪያው። ምን እንደምንጽፍ አልገባንም። (ከወልዲያ)

መልስ፦ የሪፖርቱ ጥራት የሚወሰነው በማስታወሻ አያያዝ ነው። ሁለት ማስታወሻ እንይ። የመጀመሪያው፦ «ልጁ ሰነፍ ነው፤ ትምህርቱን አይከታተልም፤ መምህሯም ተሰላችታለች።» ሁለተኛው፦ «3፡10። ተማሪ 07፣ ሦስተኛ ረድፍ፣ መስኮት አጠገብ። መምህሯ ሰሌዳ ላይ ስትጽፍ ደብተሩን አልከፈተም። 3፡14 የጎረቤቱን ደብተር አጎንብሶ አየ። 3፡16 መምህሯ 'አንተ፣ ለምን አትጽፍም?' አለችው። ዝም አለ። 3፡17 ጎረቤቱ 'እስክሪብቶ የለውም' አለ።» በመጀመሪያው ማስታወሻ እስክሪብቶው የለም፤ ቢፈልጉትም ተመልሰው አያገኙትም።

ገጹን ከመሐል ለሁለት ይክፈሉት። በግራ ያዩትና የሰሙት ብቻ ከነሰዓቱ ይጻፍ። ንግግር በተነገረበት ቋንቋ፣ እንደተነገረ ይመዝገብ። በቀኝ የእርስዎ ግምት፣ ጥያቄና ስሜት ይሁን። «ሰነፍ»፣ «ረባሽ»፣ «ደስተኛ» የሚሉ ቃላት በግራ በኩል ከታዩ ይሰርዟቸውና ምን አይተው እንዳሉት ይጻፉ። ክፍል ውስጥ በአጭሩ የያዙትን በዚያው ቀን ማታ ያስፋፉት፤ ለነገ ካሳደሩት ግማሹ ይጠፋል፣ ሌላው በግምት ይሞላል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት እንደ መተዋወቂያ ይቁጠሯቸው፤ ልጆቹም መምህሯም እንግዳ ስላለ እንደወትሯቸው አይሆኑም። በእነዚህ ቀናት የመቀመጫ ካርታ ይሣሉ፦ ረድፎቹ፣ ማን ከማን ጋር እንደተቀመጠ፣ ሴቶችና ወንዶች የት እንዳሉ፣ መጽሐፍ ስንት ለስንት እንደሚጋሩ። ከሦስተኛው ቀን ጀምሮ በዚያው ካርታ ላይ መምህሯ የጠየቀችውን ልጅ ሁሉ በነጥብ ምልክት ያድርጉ። ሳምንቱ ሲያልቅ ነጥቦቹ የት እንደተከማቹ ማንም ሊያየው ይችላል።

ባህሉ ያለው በበዓል ቀን ጭፈራ ብቻ አይደለም። ኤድዋርድ ታይለር እ.ኤ.አ. በ1871 በሰጠው የታወቀ ትርጓሜ ዕውቀት፣ እምነት፣ ኪነ ጥበብ፣ ሥነ ምግባር፣ ሕግ፣ ልማድና ሰው የማኅበረሰብ አባል በመሆኑ የሚያገኘው ችሎታ ሁሉ ይካተታል። መምህር ሲገባ መነሣት፣ ልጅ ከማን ቀድሞ አለመናገሩ፣ ለጓደኛ መልስ ማቀበል እንደ መረዳዳት ነው ወይስ እንደ ኩረጃ የሚታየው፣ እነዚህ ሁሉ ይመዘገባሉ። ስለ ልማዱ ሲጠይቁ «ለምን?» አይበሉ፤ ሰው እንደተከሰሰ ይሰማዋል። «እንዲህ ሲሆን ምን ይደረጋል?» ቢሉ ይሻላል። ሪፖርቱ ላይ ሰዎቹ ራሳቸው የሚሰጡትን ማብራሪያ ከእርስዎ ትንተና ለይተው በተለያየ አንቀጽ ያስቀምጡ።

የርእሰ መምህሩና የመምህሯ ፈቃድ አስቀድሞ ይያዝ። ስም አይጻፍ፣ በቁጥር ይተካ። ቁጥሩንና ስሙን የሚያገናኝ ዝርዝር ከማስታወሻው ጋር አይቀመጥ። ልጆችን ፎቶ አያንሡ።

ጥያቄ፦ የባህል አንጻራዊነት ማንኛውንም ባህል በራሱ ሚዛን ማየት ነው ከተባለ፣ ስለ ያለዕድሜ ጋብቻ መምህር ዝም ማለት አለበት? (ስሟ እንዳይጠቀስ የፈለገች፣ ገጠር የምትመደብ ዕጩ መምህርት)

መልስ፦ የለበትም። አንጻራዊነት በመጀመሪያ የጥናት ደንብ ነው፤ ከመፍረድ በፊት መረዳት ይቀድማል ማለት ነው። የተረዱትን ሁሉ ማጽደቅ ግን አይደለም። ተቃራኒው፣ የራስን ባህል መለኪያ አድርጎ ሌላውን መናቅ፣ ብሔረ ተኮርነት ይባላል፤ ሰዎቹን «ኋላ ቀር» ብሎ መስበክ እዚህ ውስጥ ይወድቃል። ዝም ማለትም መናቅም ያለዕድሜዋ ልትዳር የታሰበችውን ልጅ አያድኑም።

ሕጉ ግልጽ ነው። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ የጋብቻ ዕድሜን 18 አድርጓል፤ የ1996ቱ የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 648 ለአካለ መጠን ካልደረሰ ልጅ ጋር ጋብቻ መፈጸምን ያስቀጣል። ነገር ግን መምህርት ልጅቷን ቀድማ ማዳን የምትችለው ምክንያቱን ካወቀች ነው። ቤተሰቡን ሲጠይቁት «ባህላችን ነው» ብሎ ያልፋል፤ ቀረብ ሲሉ ግን የተለያየ ነገር ይወጣል። አንዱ ልጄ ትምህርት ቤት ስትመላለስ ትጠለፋለች ብሎ ይሰጋል፤ ሌላው ከመሬት ጎረቤቱ ጋር በዝምድና መተሳሰር ይፈልጋል፤ ሌላው የታላቋ ሠርግ ሲደገስ የታናሿንም አብሮ መዳር ወጪ ይቀንሳል ብሎ ያስባል። መልሳቸውም የተለያየ ነው። መንገዱን ለሚፈራው አባት ልጆች በቡድን እንዲመላለሱ ማድረግ ስለ ሕጉ ከሚደረግ ንግግር የበለጠ ይጠቅመዋል።

ጊዜውም ይታወቃል። በክርስቲያኑ አካባቢ ሠርግ የሚበዛው ከጥምቀት በኋላ ዐቢይ ጾም እስኪገባ ነው። ስለዚህ ከኅዳርና ከታኅሣሥ ጀምሮ የመቅረት መዝገቡን በየሳምንቱ ይዩት። ልጅቷ ደጋግማ መቅረት ከጀመረች፣ ጓደኞቿም ስለ ድግስ ከተናገሩ፣ ለብቻዋ ያነጋግሯት፤ ከዚያ ለርእሰ መምህሩና በትምህርት ቤቱ የሴት ተማሪዎችን ጉዳይ ለያዘችው መምህርት በዚያው ቀን ያሳውቁ። ወደ ቤተሰቡ ብቻዎን አይሂዱ። ቤተሰቡ የሚሰማው ሰው፣ የንስሐ አባት ወይም ታላቅ አጎት፣ አብሮ ቢሄድ ይመረጣል። ወላጆቹ ፊትም «ልጃችሁ ነገረችኝ» አይበሉ።

ሶሲዮሎጂ የሚና ግጭት የሚለው በዚህ ወቅት በእርስዎ ላይ ይደርሳል። ቤተሰቡ ጎረቤትዎ ነው፤ በዕድር አብራችሁ ናችሁ፤ ለሠርጉም ይጠሩዎታል። በሌላ በኩል የልጅቷ መምህርት ነዎት። ግጭቱን ለብቻ መሸከም ከባድ ስለሆነ ነው ጉዳዩ በትምህርት ቤቱ ስም፣ በጽሑፍና በኮሚቴ እንዲያዝ የምንመክረው። ያኔ የሚናገረው ጎረቤትየው ሳይሆን ትምህርት ቤቱ ይሆናል።

ጥያቄ፦ የመምህር ግምት የተማሪን ውጤት ይለውጣል የሚባለው እውነት ነው? (ከአዳማ)

መልስ፦ እውነትነት አለው፤ ግን ብዙ ጊዜ ተጋንኖ ይነገራል። ሮዘንታልና ጃኮብሰን እ.ኤ.አ. በ1968 ባሳተሙት ጥናት በካሊፎርኒያ ለሚገኝ አንድ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህራን በዕጣ የተመረጡ 20 በመቶ ያህል ልጆችን «በዚህ ዓመት ይመነጠቃሉ» አሏቸው። በዓመቱ መጨረሻ የታየው ልዩነት ያለው በዋናነት አንደኛና ሁለተኛ ክፍል ላይ ነበር። በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች የጥናቱን አሠራር ተችተዋል፤ የግምት ተጽዕኖ መኖሩን ግን ሌሎች ጥናቶችም ያሳያሉ፣ መጠኑ አነስተኛ ቢሆንም።

ግምቱ ወደ ልጁ የሚደርሰው በትንንሽ ነገሮች ነው። ከእነዚህ አንዱ ጊዜ ነው። ሜሪ ባድ ሮው የሳይንስ ክፍሎችን ቀርጻ ስትለካ፣ መምህራን ጠይቀው ሌላ ከመናገራቸው በፊት የሚጠብቁት በአማካይ አንድ ሰከንድ ገደማ ሆኖ ተገኘ፤ ደካማ ለሚሏቸው ልጆች ደግሞ ከዚያም ያነሰ ነበር። ጥበቃው ወደ ሦስት ሰከንድ ሲያድግ መልሶቹ ረዘሙ፣ የሚሳተፉት ልጆችም በዙ። ይህን ነገ መጀመር ይቻላል። ይጠይቁ፣ በልብዎ እስከ ሦስት ይቁጠሩ፣ ከዚያ ስም ይጥሩ። ስሙን አስቀድመው ከጠሩ ሌላው ሁሉ ማሰቡን ያቆማል።

በአንድ ለአምስት ቡድን ውስጥም ይኸው ጉዳይ አለ። መሪው ሁልጊዜ አንደኛ የሚወጣው ልጅ ከሆነ ሌሎቹ መቅዳት ይለምዳሉ። መሪነቱን በየሁለት ሳምንቱ ያዙሩት፤ ሪፖርት የሚያቀርበውን ልጅ ደግሞ ሥራው ካለቀ በኋላ በዕጣ ይምረጡ፤ ማን እንደሚጠራ ስለማይታወቅ ሁሉም ይዘጋጃል።

ጥያቄ፦ «በማየት የሚማር፣ በመስማት የሚማር» የሚለው ክፍፍል ትክክል ነው? ይህን ሁሉ ጽንሰ ሐሳብስ ለፈተና እንዴት እንያዘው? (ከጎንደር)

መልስ፦ ተማሪን ለይቶ በ«ዓይነቱ» ማስተማር ውጤት እንደሚያሻሽል የሚያሳይ በቂ ማስረጃ የለም፤ ፓሽለርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2008 ጥናቶቹን መርምረው የደረሱት እዚህ ላይ ነው። ዘዴውን የሚመርጠው ትምህርቱ ነው። ካርታ ለሁሉም ይታያል፣ የቃላት አነባበብ ለሁሉም ይሰማል።

ለፈተናው ማስታወሻውን ደጋግሞ ማንበብ ያዘናጋል። ሮዲገርና ካርፒክ እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጥናት አንድን ጽሑፍ አራት ጊዜ ያነበቡት ተማሪዎች ከአምስት ደቂቃ በኋላ 83 በመቶውን አስታወሱ፤ አንድ ጊዜ አንብበው ሦስት ጊዜ ያለ ጽሑፉ ለማስታወስ የሞከሩት 71 በመቶ። ከሳምንት በኋላ ግን የመጀመሪያዎቹ ወደ 40 ሲወርዱ ሁለተኛዎቹ 61 ላይ ነበሩ። ስለዚህ አንዱን ምዕራፍ አንብበው ደብተሩን ይዝጉ፤ በባዶ ወረቀት ላይ ጽንሰ ሐሳቡን፣ ከራስዎ ክፍል አንድ ምሳሌና ምሳሌ የማይሆን አንድ ጉዳይ ይጻፉ። በሦስተኛውና በሰባተኛው ቀን ይድገሙት። ለአሉታዊ ማጠናከሪያ ምሳሌ የማይሆነውን ሳያመነቱ መጻፍ ከቻሉ ጽንሰ ሐሳቡን ይዘውታል።